የጋሽ ይመር ጉድጓድ

የሞታቸውን ወሬ ያሰማኝ ሰው ስማቸውን እንኳ አያውቅም ነበር። ከባምባሲ ወደ አሶሳ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ነጋዴ ነው፤ ጭኑ ላይ የጫማ ካርቶን ደርድሯል። አጠገቡ ላለው ሰው፣ «ያ ሽቦ ቀባሪው ሽማግሌ ሞቱ አሉ፤ ከትናንት ወዲያ ተቀበሩ» አለው። ሰውየው የትኛው ሽማግሌ ብሎ ሲጠይቀው፣ «ሬዲዮ ቤት የነበሩት ናቸዋ፤ መሬት ውሃ ያጠጡ የነበሩት» ብሎ ወደ ጫማው ወሬ ተመለሰ።

እኔ መመለስ አልቻልኩም። መሬት ውሃ ያጠጣ የነበረ ሰው በዕድሜዬ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ጋሽ ይመር ናቸው። የቀረውን መንገድ በመስኮት እያየሁ፣ ምንም ሳላይ አሶሳ ደረስኩ። አለቀስኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ሞቶ ወሬው ከጫማ ወሬ ጋር ተቀላቅሎ መነገሩ አናደደኝ። ይህን የምጽፈውም ከዚያ ንዴት የተነሳ ነው።

ያኔ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ከአዲስነቱ የተነሳ አንዳንዱ ቢሮ ማኅተም ኖሮት ወንበር የለውም፤ አንዳንዱ ወንበር ኖሮት ማኅተም ይጠብቃል። የእኛ ጤና ቢሮ ሁለቱም ነበሩት፤ ስልክ ግን አልነበረውም። ካማሺ ለመሄድ በወለጋ ዞሮ ስንትና ስንት ቀን መንገላታት ነው፤ ክረምት ከገባ ደግሞ መንገዱ የለም ማለት ይቀላል። ያገናኘን የነበረው አንድ የረጅም ርቀት ሬዲዮ ብቻ ነው። ኦፕሬተሯ እኔ ነበርኩ። ጫልቱ እባላለሁ፤ አባቴ ከወለጋ መጥቶ ባምባሲ ቤት ሠርቶ ነው የወለደኝ። ሥራዬ ጠዋትና ከሰዓት ሬዲዮ ፊት ተቀምጦ ከሸርቆሌ፣ ከካማሺና ከሌሎቹም ጤና ጣቢያዎች የሚመጣውን መስማት፣ መጻፍና መመለስ ነው። መድኃኒት አልቋል፣ ክትባት ይላክ፣ የጠናበት ሰው አለ ምን እናድርግ፤ ሁሉም በእኔ ጆሮ ያልፋል። በጆሮዬ እኮራ ነበር። ስለ መሬት ግን የማውቀው እንደሚረገጥ ብቻ ነው።

ሬዲዮውን የተከሉት ከአዲስ አበባ የመጡ ቴክኒሻኖች ናቸው። ረጅሙን የብረት ምሰሶ አቆሙ፣ አንቴናውን ዘረጉ፣ በመጨረሻ አንድ ክንድ የማይሞላ ፌሮ መሬት ላይ መትተው ሽቦ አሰሩበት። «ይሄ ኧርዝ ነው፤ መብረቅ ቢመጣ ወደ መሬት ያወርደዋል» ብለውኝ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ቀዩ ጠጠር መሬት አላስገባ ስላለው ፌሮው ከወገቡ ታጥፎ ቀርቷል። እኔም እጄን የማደርቅበትን ፎጣ አሰጣበት ጀመር። ለዚያ በጣም ምቹ ነበር።

ጋሽ ይመር የመጡት መሸኛ ሊጠይቁ ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው አሶሳ ዙሪያ ካሰፈሯቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። ያን ሰሞን ብዙ ሰፋሪ ወደ አገሩ ይመለስ ነበርና እሳቸውም ቆርጠው ነበር። ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ናቸው። ማመልከቻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲያልፉ ዓይናቸው የታጠፈው ብረት ላይ አረፈ። ቁጢጥ አሉ። በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉት። ፎጣዬን አንስተው አጣጥፈው ደረጃው ላይ አኖሩ፤ ከዚያ ሽቦውን በዓይናቸው ተከትለው መስኮቴ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ይሄን ማነው ያሰረው?»

ባለሙያዎች ናቸው፣ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ አልኳቸው። እርስዎን ምን አገባዎት የሚል ነገር ድምፄ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

«የጄኔሬተሩስ ሽቦ የት ነው የገባው?»

እሱ ከጓሮ የራሱ ብረት አለው አልኩ። ጋሽ ይመር ማመልከቻቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ሁለት መሬት ነዋ ያላችሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ወላሂ፣ እስከ ዛሬ በአላህ ነው የቆየሽው።»

ጤነኛ አልመሰሉኝም። ሁለት መሬት የሚባል ነገር እንዴት ይኖራል? ማመልከቻቸውን ጽሕፈት ቤቱ አላስገቡም፤ እኔው ጋ ትተው ነገ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ። በማግስቱ የመጡት ግን ዶማ ይዘው ነው።

ነገሩን የነገሩኝ ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ጋሽ ይመር በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት የመገናኛ ባለሙያ ነበሩ። ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ተራራ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ ይጠብቁ ነበር። እዚያም እንደ እኛው የምሰሶው ብረት በአንድ በኩል፣ የጄኔሬተሩ ብረት በሌላ በኩል ለየብቻቸው ተተክለዋል። አንድ ቀን ጋሽ ይመር ሻይ ሊያመጡ ወጡ። ጓደኛቸው በአንድ እጁ ሬዲዮውን፣ በሌላው የጄኔሬተሩን ሳጥን እንደያዘ መብረቅ ምሰሶው ላይ ወረደ። ሻዩን ይዘው ሲመለሱ ያገኙትን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «መብረቅ የሚገድለው በልዩነት ነው» አሉኝ። «ሁሉም ብረት አንድ መሬት ላይ ከታሰረ አብሮ ከፍ ይላል፣ አብሮ ዝቅ ይላል። መሀል ያለው ሰው ይተርፋል። ሁለት መሬት ካለ ግን በሰውየው በኩል ነው የሚሻገረው።»

ኃላፊያችን አዲስ የተሾመ፣ እየሮጠ የሚራመድ ሰው ነበር። የሽማግሌውን ንግግር ግማሹን ሰምቶ በቀን ሠራተኝነት ይቀጠሩ አለ። ጋሽ ይመር ሦስት ሳምንት ቆፈሩ። ቦታውን የመረጡት ግን ራሳቸው አይደሉም። የግቢያችን ጥበቃ ሼህ አጣሂር የሚባሉ የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ ባለቤታቸው ወንዝ ዳር ወርቅ በማጠብ ነው ያደጉት። ጋሽ ይመር እኚያን ሴት በአክብሮት አስጠርተው፣ ውሃ የሚይዘው አፈር የቱ ጋ እንደሆነ እንዲያሳዩዋቸው ለመኑ። ሴትየዋ ምሰሶውን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ግቢውን በባዶ እግራቸው ዞረው፣ አፈር ቆንጥረው በጣታቸው አሽተው፣ ከቢሮው ግድግዳ አጠገብ አንድ ቦታ በተረከዛቸው መቱ። እዚያ ሲቆፈር ከጠጠሩ ሥር ጥቁር ለስላሳ አፈር ተገኘ። ዲፕሎማ ያለኝ እኔ ቆሜ ሳይ አፍሬያለሁ።

አራት የውሃ ቧንቧ አስገቡ። ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞሉት። ከሰፈራው ዘመን ከተረፈ የተበላሸ ሞተር መዳብ አውጥተው፣ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፍረው ቀበሩትና ምሰሶውን፣ ሬዲዮውንና የጓሮውን ጄኔሬተር ከአንዱ ጉድጓድ ጋር አሰሩ። ከዚያ ፈተኑት። የመዳቡን ማያያዣ ለጊዜው ይፈቱና ከጄኔሬተሩ የሚመጣውን አንድ ሽቦ በአምፖል አሳልፈው ከቧንቧዎቹ ጋር ያገናኛሉ፤ መሬቱ ጥሩ ከሆነ አምፖሉ ቦግ ይላል። የእኛ አምፖል በራ፤ ግን ቢጫ ብርሃን ነው፣ እንደ ሰነፍ ኩራዝ። ጋሽ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ። «አፈሩ ጥሩ ነው፤ ግን ይጠማዋል» አሉ።

ይችን መሬት በጋውን ሙሉ ውሃ የሚያጠጣት ማን ነው? መላው እየጠፋባቸው ሲያስቡ የቀትር ሰላት ደረሰ፤ ሼህ አጣሂርም እንደ ልማዳቸው ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ውዱ ሊያደርጉ፣ ለሰላት ሊታጠቡ፣ ከግቢው ጥግ ተቀመጡ። ጋሽ ይመር የሚወርደውን ውሃ ሲያዩ ያየሁትን ፊት አልረሳውም። ሄደው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉና ከዛሬ ጀምሮ ምሰሶው አጠገብ፣ ጉድጓዱ ላይ ቢታጠቡ ምን ይመስልዎታል ብለው ጠየቁ። ሼህ አጣሂር ምሰሶውን ከሥር እስከ ጫፉ አዩት።

«መብረቅ እዚህ ይመጣል አልክ» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው። «እኔ ደግሞ እዚህ ይታጠባል አልክ። አንተ እኔን ይጠላል?»

ጋሽ ይመር ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደመና ሲኖር ማንም አይጠጋም፣ ደመና ከሌለ ግን እኔም ከእርስዎ ጋር እታጠባለሁ አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የቀትርንም የአሥርንም ውዱ እዚያ ያደርጉ ጀመር። ሌሎቹም ሙስሊሞች ተከተሉ፤ እኛም ከምሳ በኋላ እጃችንን እዚያ እንታጠባለን፤ ብርጭቆም እዚያ ይለቀለቃል። አንድ ቀን የለቀለቅኩበትን ውሃ በጣሳ ደፋሁት። ከኋላዬ መጥተው ጣሳውን ከእጄ ወሰዱ። «አትድፊባት ጫልቱ፤ የተደፋ ውሃ ይሸሻል። ቀስ ብለሽ አፍስሺ፣ ስትውጥ ጠብቂያት፣ ከዚያ ድገሚላት» አሉኝ። መሬትን እንደ ሴት ልጅ ነበር የሚጠሯት። በሳምንቱ አምፖሉ ዓይን እስኪያሳምም በራ።

ስለ ጋሽ ይመር ሳወራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መብረቁን ነው፤ እኔ ግን ትንንሹንም አልረሳሁም። ማንኛውንም ብረት መጀመሪያ የሚነኩት በእጃቸው ጀርባ ነበር፤ የሱቅ በር ቢሆን እንኳ። በመዳፍ የነኩት ብረት ኤሌክትሪክ ካለው እጅን ጨምቆ ይይዛል፣ በጀርባ የነኩት ግን ይለቃል ይሉ ነበር። ሰው ሲናገር አያቋርጡም። አንድም ቀን ወንበሬ ላይ አልተቀመጡም፤ «የኦፕሬተር ወንበር ነው» ይላሉ። የመብረቅን ርቀት የሚለኩት ደግሞ በመቁጠሪያቸው ነው። ብልጭ ሲል ዶቃዎቹን አንድ አንድ እያሉ ማሳለፍ ይጀምራሉ። ሠላሳ ሦስቱን ጨርሰው ነጎድጓዱ ካልተሰማ ሥራችንን እንቀጥላለን፤ ሳይጨርሱ ከተሰማ የአንቴናው ገመድ ከሬዲዮው ይነቀልና መስኮቱ ሥር ካለው፣ ከጉድጓዱ ጋር ከተገናኘው የመዳብ ሳህን ጋር ይታሰራል። ሁላችንም ከክፍሉ እንወጣለን። በዚህ ሕግ አይቀልዱም፤ አንድ ጊዜ መልእክት እስክጨርስ ብዬ ስለዘገየሁ ሦስት ቀን አኩርፈውኛል።

በዚያ ክረምት ምሰሶው ሁለት ጊዜ ተመታ። ሬዲዮው አልተነካም። በማግስቱ ከካማሺ ጋር እያወራሁ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከደጅ ሲታጠቡ ድምፃቸውን ስሰማ በሕይወቴ እንደዚያ የተማመንኩበት ነገር አልነበረም።

በተከታዩ ዓመት ጋሽ ይመር ለእርሻ ወደ መንደራቸው በሄዱበት ሰሞን ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ኃላፊው ግቢውን ዞሮ አየ። መግቢያው ላይ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጭቃ አለ፤ ሰው ደግሞ በላዩ ላይ እግሩን ይታጠባል። አዲስ ክልል፣ አዲስ ቢሮ፣ ይሄ ነውር ነው አለ። ሲሚንቶ መጣ፣ ግድግዳው ሥር ሊሾ ተደረገ፣ መታጠቢያው ወደ ጓሮ ተዛወረ። ሼህ አጣሂር «ይመር ይምጣ፣ ይጠይቃል» ቢሉ የሰማቸው የለም። እኔ ደግሞ ምንም አላልኩም። እውነቱን ልናገርና ጫማዬ ጭቃ ባለመንካቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ይመር ሲመለሱ ሊሾው ደርቆ ያብረቀርቅ ነበር። በላዩ ላይ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ አልነገርሻቸውም?» አሉኝ። አምፖላቸውን አምጥተው ኃላፊውን ጠሩ። ቀትር ላይ፣ እኛ ሁላችን ከበን ቆመን፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ አምፖሉ አልበራም። ውስጡ ያለችው ክር ብቻ ቀላ አለች። ኃላፊው አየ፤ የገባው ይመስለኛል፤ ግን እንግዶቹ ነገ ናቸው፣ እስኪሄዱ ይታገሡ አለ።

ጋሽ ይመር ሰማዩን አዩ። የሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ ወደ ሱዳን በኩል ደመናው መከመር ጀምሯል። «እኔ እታገሥ ነበር ጌታዬ» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ዲጂኖ ይዘው መጡና ሊሾውን መስበር ጀመሩ። እንግዶቹ ከመኪና ሲወርዱ የተቀበላቸው የዲጂኖ ድምፅ ነው። ኃላፊው ፊቱ በላብ ርሶ ጠራቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል አላቸው። እሺ አሉ። ከዚያ ባልዲ ፈልገው የተከፈተውን አፈር ቀስ እያሉ አጠጡና ሄዱ።

የተሰናበተ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ጋሽ ይመር ግን ከመንደራቸው በእግራቸው እየመጡ በየቀኑ በቀትር በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ሼህ አጣሂር ይከፍቱላቸዋል፤ ሁለቱ ተሰባብሮ በቀረው ሊሾ መሀል ይታጠባሉ፤ ጋሽ ይመር ተጨማሪ ሁለት ባልዲ አጠጥተው ይመለሳሉ። ከእኔ ጋር ሰላምታ ብቻ ነበር። ኃላፊው በመስኮት ያይ ነበር፤ ግን አንድም ቀን ወጥቶ አልከለከለም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ካማሺ ጠራችኝ። እዚያ የነበረችው ነርስ ልጅ እግር ናት፤ ድምፅዋን እንጂ መልኳን አይቼ አላውቅም። አንዲት ሴት ወልዳለች፣ ልጁ ደህና ነው፣ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፣ ደሙም አላቋርጥ ብሏል። ዶክተር ፈልጊልኝ አለች። መኪና ተልኮ የሆስፒታሉ ዶክተር እየሮጠ መጣና አጠገቤ ቆመ። ምን መድኃኒት እንዳላቸው መጠየቅ ገና ጀምሮ ነው ክፍሉ ብልጭ ያለው።

ጋሽ ይመር ደጅ ነበሩ፤ ውሃቸውን አጠጥተው መጨረሳቸው ነው። በመስኮቱ በኩል መቁጠሪያቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አሥራ ስምንት ላይ ነጎደ። ሕጉ ግልጽ ነው። ገመዱ ይነቀላል፣ እኛ እንወጣለን፣ ሴትየዋ ደሟ ይፈሳል። ጋሽ ይመር ገቡ። እጄ ማይኩ ላይ ነው፤ ነርሷ «አሶሳ፣ ምን ላድርግ? ተቀበል» እያለች ነው። ሊነቅሉት ነው ብዬ ፊታቸውን ለማየት ፈራሁ።

«ተነሺ» አሉኝ።

ተነሳሁ። ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን ከወለሉ አንስተው የወንበሩ እንጨት ላይ አሳረፉ፤ ግራ እጃቸውን ከመቁጠሪያው ጋር ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ማይኩን በቀኙ ያዙ። ዶክተሩንና እኔን ኮሪደሩ ላይ ውጡ አሉን። «ዶክተር፣ አጭር አጭር አድርገው ይንገሩኝ። እኔ አሻግራለሁ።»

ዶክተሩ ከኮሪደሩ ሆኖ ይናገራል፤ ጋሽ ይመር ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያስተላልፋሉ። የትኛው መርፌ፣ ምን ያህል፣ እጅ የት ይደረጋል፣ ምን ያህል ይጫናል። ነርሷ ትደግማለች፤ እሳቸው ይሰማሉ፤ ትክክል ሲሉ ትቀጥላለች። በየመሀሉ ብልጭ ይላል፣ ዶቃዎቹ ይሄዳሉ። አሥራ አራት። አሥር። ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እጄን እነክሳለሁ። ያ ጓደኛቸው በዚሁ ዓይነት ወንበር ላይ ሆኖ እንደሞተ የማውቀው እዚያ ካለነው ሰዎች እኔ ብቻ ነኝ። ሲሚንቶው ሲፈስ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይችን ጉድጓድ አፈሯን አስጠምተናት፣ ከአሥር ቀን በላይ ያጠጧት እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው።

ሰባት ላይ ነጎደ። ዶክተሩ የመጨረሻውን ተናገረ። ጋሽ ይመር አስተላለፉና፣ «ልጄ፣ ከአሁን በኋላ አልሰማሽም። የሰማሽውን አድርጊ። አብሽሪ፣ ሲያባራ እመለሳለሁ» አሏት። ገመዱን ነቀሉ፤ ተነስተው በመስኮቱ አውጥተው ሳህኑ ላይ አሰሩት፤ መስኮቱን ዘግተው ወደ እኛ መጡ። የክፍሉን በር በእጃቸው ጀርባ ገፍተው ዘጉት።

ሦስት ጊዜ እንኳ የተነፈስኩ አይመስለኝም። ብርሃኑ በበሩ ሥር ገባ፣ ድምፁ ከብርሃኑ ጋር አንድ ላይ ነው፣ ቤቱ ተናወጠ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ዝናቡ ጋብ ሲል ወጣን። ሼህ አጣሂር ከበሩ ዳስ ሥር ቆመው በጣታቸው እያሳዩ ነበር፤ ከተሰበረው ሊሾ መሀል፣ ከጥቁሩ አፈር፣ ነጭ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ኃላፊው ከቢሮው ወጥቶ አጠገባችን ቆመ። እንፋሎቱን አይቶ፣ ጋሽ ይመርን አይቶ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ሬዲዮው አልተነካም። ጄኔሬተሩም አልተነካም። ከሰው ፀጉር እንኳ አልተነካም።

ሰማዩ እስኪጠራ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። እሳቸው ናቸው መቁጠሪያቸውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ምንም ሳይሰሙ እሺ ያሉት። ገመዱን መልሰው ሲያበቁ ወንበሬን ወደ እኔ ገፉልኝ። ካማሺ፣ ካማሺ፣ አሶሳ ነኝ አልኩ። የመለሰችው በሦስተኛው ጥሪ ነው። «ቆሟል» አለች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «ደሙ ቆሟል። ተኝታለች። ልጁን እያጠባች ነው።» ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እኔም አለቀስኩ፣ ሳላፍር።

በኋላ ሻይ ይዤላቸው ሄጄ፣ «ጋሽ ይመር፣ እኔ አንድ ጊዜ ስዘገይ ሦስት ቀን አኩርፈውኝ ዛሬ ሕጉን እርስዎ ጣሱት፤ አልፈሩም?» አልኳቸው። ሻዩን ተቀብለው ደረጃው ላይ አኖሩት።

«ፈራሁ እንጂ» አሉ። «ግን ጠጥታለች። ዛሬ በእጄ ነው ያጠጣኋት።»

በማግስቱ ኃላፊው ምሳውን በልቶ እጁን ሊታጠብ እዚያ ጉድጓድ ላይ መጣ። የስንብት ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። የመሸኛ ማመልከቻቸውም ዓመታት እኔ መሳቢያ ውስጥ ቆየ። ክረምቱ ባለፈ ቁጥር ላስፈርምልዎ ስላቸው፣ በጋው መጣ እኮ፣ ማን ያጠጣታል ይሉኛል። ወሎን ሳያዩ ቀሩ።

ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ የሄድኩት ወደዚያ ግቢ ነው። ቢሮው ከለቀቀው ቆይቷል፤ አሁን መጋዘን ሆኗል። ስልክ በየሰው ኪስ ከገባ ወዲህ ምሰሶውም ተነቅሏል። ሼህ አጣሂር ዓይናቸው ደክሞ፣ ልጃቸው በሚጠብቀው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በድምፄ አወቁኝ። እንዴት እንደሞቱ ነገሩኝ፤ ቀላል ሞት ነው፣ የአሥርን ሰግደው ጋደም እንዳሉ ነው። የቀበሯቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቀዩ ጠጠር ላይ ነው። ጥር ነው፤ ጠብ ያለ ዝናብ የለም።

«ቆፈርን፣ ዶማ እምቢ አለ» አሉ ሼህ አጣሂር። «መሬቱ ደረቅ ነው። ይመር እንዲህ ያለ መሬት አይወድም። እኔ ቀብሩ ላይ ውሃ አፈሰሰ። ትናንትም ሄደ፣ አፈሰሰ።»

ማንቆርቆሪያቸውን ሞልተው ሰጡኝ። ያው የድሮው ነው፣ አንገቱ ላይ በሽቦ የታሰረው። «ዛሬ አንተ ያፈሳል» አሉኝ።

ልጃቸው መንገዱን መራን። የሽማግሌውን ክንድ ይዤ ሄድን። መቃብሩ ገና አዲስ ነው፤ ሼህ ትናንት ያፈሰሱበት ቦታ ደርቆ ተሰንጥቋል። ጎንበስ ብዬ ማፍሰስ ስጀምር እጄ ቸኮለና ውሃው በጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ሸሸ። አቆምኩ። ቀስ ብዬ በትንሹ አፈሰስኩ፤ እስክትውጥ ጠበቅኩ፤ ደገምኩላት።